በፖስታ የመጣው የማስታወቂያ ክፍያ በማን ስም ይመዝገብ?

የአንባቢ ጥያቄ

በሲያትል አካባቢ በየሳምንቱ የሚተላለፍ የአማርኛ ፕሮግራም አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ አንድ ሰዓት እየገዛሁ አቀርባለሁ፤ ያንኑ ዩቲዩብ ላይ እጭነዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለው። ዘንድሮ ከወገኖቻችን አንዱ ለስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት ይወዳደራል። ደጋፊዎቹ 3,000 ዶላር በፖስታ አድርገው አመጡልኝና ማስታወቂያው እስከ ምርጫው ድረስ እንዲተላለፍ፣ ደረሰኙም «የማኅበረሰቡ ወዳጆች» በሚል ስም እንዲቆረጥ ጠየቁኝ። የማስታወቂያውን ጽሑፍ የሰጠኝ የዕጩው የቅስቀሳ አስተባባሪ ነው። ከገንዘቡ 500 ዶላሩን የላከው ዱባይ የሚኖር የአንዳቸው ወንድም መሆኑንም በጨዋታ መሐል ሰማሁ። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት 500 ፍላየር አትሞላቸዋል፤ ማን እንዳሳተመው ግን ምንም አልተጻፈበትም። እኔ ዋጋዬን ተቀብዬ የማስተላልፍ ነጋዴ እንጂ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም። ሪፖርት ማድረግ ያለበት ዕጩው አይደለም? እኔን የሚያገባኝ ነገር አለ? ዕጩውን ቃለ መጠይቅ አድርጌለት ተፎካካሪው «ለእኔስ?» ቢለኝ ምን ልመልስ?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከቱክዊላ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ያገባዎታል። ይህን የምለው ላስፈራዎ አይደለም፤ ማስታወቂያውን ከማስተላለፍዎ በፊት ከጠየቁ ሁሉም ነገር በቀላሉ የሚስተካከል ነው። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ዕጩው የራሱ ግዴታ አለበት፤ የፖለቲካ ማስታወቂያ በክፍያ የሚያሰራጭ ወይም የሚያትም ሰው ደግሞ ከዕጩው የተለየ ግዴታ አለበት፤ አንዱ የበኩሉን ስለፈጸመ ሌላው ነጻ አይወጣም። የዚህ ሕግ መሠረት በ1972 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ኢኒሺዬቲቭ 276 የተባለው ሰነድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በኦሎምፒያ የሚገኘውንና በአጭሩ ፒዲሲ የሚባለውን የስቴቱን የምርጫ ገንዘብ ተቆጣጣሪ፣ ፐብሊክ ዲስክሎዠር ኮሚሽንን፣ ያቋቋመውም ይኸው ሰነድ ነው። የሕጉ ዋና ዓላማ ሰዎች ለፖለቲካ ገንዘብ እንዳያወጡ መከልከል ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ የቅስቀሳ ቃል ገንዘቡን ያወጣው ማን እንደሆነ መራጩ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። የእርስዎ ፖስታ ችግርም እዚሁ ላይ ነው፤ የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም።

በመጀመሪያ ስለ ራስዎ ድርሻ ልናገር፤ ከእኛ የአማርኛ መገናኛ ብዙኃን አዘጋጆች ብዙዎቹ የማያውቁት ይህንን ነውና። ሕጉ ለምርጫ ቅስቀሳ የሚውል መልእክት በክፍያ የሚያሰራጭን ወይም የሚያዘጋጅን ሁሉ እንደ ማስታወቂያ ነጋዴ ይቆጥራል። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣ፣ በፖስታ ቤት የሚላክ ወረቀት፣ በክፍያ የሚለቀቅ የኢንተርኔት ማስታወቂያ፣ የኅትመት ሥራም ጭምር በስም ተጠቅሰዋል። ስለዚህ እርስዎም ባለቤትዎም በየራሳችሁ ባለግዴታ ናችሁ ማለት ነው። «ዩቲዩብ ነው ያሰራጨው» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም፤ ቪዲዮው ውስጥ ማስታወቂያውን አስገብተው ዋጋውን የተቀበሉት እርስዎ እንጂ ዩቲዩብ አይደለም።

ግዴታው መዝገብ መያዝ ነው። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ማስታወቂያው የሚደግፈው ወይም የሚቃወመው ዕጩ ስም፣ ያዘዘው ሰው ወይም ኮሚቴ ስምና አድራሻ፣ ምን ዓይነት አገልግሎት መቼ እንደተሰጠ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ እንዲሁም ገንዘቡን የከፈለው ማን እንደሆነና በምን መንገድ እንደከፈለ ነው። በእርስዎ ጉዳይ አንዱ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ዕጩ እገሌ፣ ለስቴት ተወካዮች ምክር ቤት፤ ያዘዘው የእገሌ የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴ፣ አድራሻው ይህ፤ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በሬዲዮ 12 ጊዜ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፤ ጠቅላላ ዋጋ 1,800 ዶላር፤ ከዘመቻው የባንክ ሒሳብ በቼክ የተከፈለ።» በኢንተርኔት ለሚለቀቀው ማስታወቂያ የራሱ የማስታወቂያው ቅጂ፣ ለየትኞቹ ተመልካቾች ተመርጦ እንደተላከና ስንት ጊዜ እንደታየም ይጨመራል። መዝገቡ ማስታወቂያው ለሕዝብ መታየት ወይም መሰማት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ዝግጁ መሆን አለበት፤ ከምርጫው በኋላም 5 ዓመት ይቀመጣል። ደግሞም ለፒዲሲ ብቻ የሚቀርብ ምስጢራዊ ሰነድ አይደለም፤ ልየው ብሎ የመጣ ማንኛውም ሰው፣ የተፎካካሪው ደጋፊም ቢሆን፣ ሊያየው ይችላል።

ይህ ለትልልቅ ድርጅቶች የወጣ ደንብ ነው፣ እኔን ማን ያየኛል እንዳይሉ፣ ትልልቆቹ የገጠማቸውን ላንሣ። ስቴቱ ፌስቡክንና ጉግልን የፖለቲካ ማስታወቂያ መዝገብ በሚገባ አልያዛችሁም፣ ለጠየቃችሁም አላሳያችሁም ብሎ ከሷቸው በ2018 ፌስቡክ 238,000፣ ጉግል ደግሞ 217,000 ዶላር ከፍለው ጉዳዩን ዘጉ። ሁለቱም በዚያው ዓመት የዋሽንግተንን የስቴትና የአካባቢ ምርጫ ማስታወቂያ ከእንግዲህ አንቀበልም አሉ። ፌስቡክ ግን ማስታወቂያዎቹን መሸጡን ሳያቆም፣ መዝገቡንም ሳያሟላ ቀጠለ ተብሎ እንደገና ተከሰሰ፤ በጥቅምት 2022 የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ባለቤቱን ሜታን በ822 ጥፋቶች 24.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ፈረደበት። አሠራሩን ልብ ይበሉ፤ ለአንድ ጥፋት ከፍተኛው ቅጣት 10,000 ዶላር ሆኖ ሳለ፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ስለተባለ በሦስት ተባዝቶ 30,000 ሆነ። ኩባንያው ይግባኝ ብሏል። እርስዎን የሚጠብቅዎ እንዲህ ያለ ቅጣት አይደለም፤ ነገር ግን እነሱ «ከአቅማችን በላይ ነው» ያሉት መዝገብ ለእርስዎ በአንድ ደብተር የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ፖስታው ልመለስ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አራት ያህል በአንድ ላይ ታሽጎበታል።

አንደኛው ስሙ ነው። «የማኅበረሰቡ ወዳጆች» የሚባል የተመዘገበ ኮሚቴ ከሌለ፣ ይህ ስም እውነተኛዎቹን ከፋዮች የሚሸፍን የፈጠራ ስም ነው፤ በማስታወቂያ ስፖንሰርነት የፈጠራ ስም መጠቀም ደግሞ በግልጽ የተከለከለ ነው። በዚያ ስም ደረሰኝ ቢቆርጡ ሐሰተኛው ጽሑፍ በእርስዎ መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው፣ እነዚህ ሰዎች አንድን ዕጩ ለመደገፍ ገንዘብ ሰብስበው ለማውጣት ስለተስማሙ፣ ሳያውቁት የፖለቲካ ኮሚቴ ሆነዋል። የፖለቲካ ኮሚቴ የሚባለው ትልቅ ድርጅት ብቻ ይመስለናል፤ በሕጉ ግን ዕጩን ለመደገፍ ወይም ለመቃወም መዋጮ የሚቀበል ወይም ገንዘብ የሚያወጣ ስብስብ ሁሉ፣ በአንድ ካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ጓደኛሞችም ቢሆኑ፣ ገንዘብ ያዥ ሰይሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ በፒዲሲ መመዝገብ አለበት።

ሦስተኛው፣ ጽሑፉን የሰጠዎ የዕጩው አስተባባሪ ነው። ደጋፊዎች ከዕጩው ጋር ሳይነጋገሩ በራሳቸው የሚያወጡት ማስታወቂያ አንድ ነገር ነው፤ ከዘመቻው ጋር ተመካክረው የሚከፍሉት ግን ለዕጩው በዓይነት እንደተሰጠ መዋጮ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በመዋጮ ጣሪያው ውስጥ ይገባል። በ2024 ምርጫ አንድ ሰው ለአንድ የምክር ቤት ዕጩ መስጠት የሚችለው ለነሐሴው የመጀመሪያ ዙር 1,200፣ ለኅዳሩ የመጨረሻ ዙር ሌላ 1,200 ዶላር ነበር፤ ቁጥሩ በየጊዜው ከዋጋ ንረት ጋር ስለሚስተካከል የዘንድሮውን ከፒዲሲ ያረጋግጡ። ፖስታውን ይዞ የመጣው ሰው 3,000ውን ሁሉ የእኔ ነው ቢል ጣሪያውን ያልፋል፤ የእኔ አይደለም ካለ ደግሞ የሌሎችን ገንዘብ በራሱ ስም እያሳለፈ ነው። በሌላ ሰው ስም መዋጮ መስጠት የተከለከለ በመሆኑ፣ በሁለቱም በኩል መውጫ የለውም።

አራተኛው የዱባዩ 500 ዶላር ነው። የፌዴራል ሕግ የውጭ ዜጋ በፌዴራልም፣ በስቴትም፣ በከተማም ምርጫ ገንዘብ እንዳያዋጣ ይከለክላል። እዚህ ላይ የሚታየው ሰውየው የሚኖርበት አገር አይደለም፤ ዱባይ የሚኖር የአሜሪካ ዜጋ መስጠት ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪም ይችላል። ወንድምየው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ካለው ግን አይችልም፤ ገንዘቡ በወንድሙ እጅ ስላለፈም ንጹሕ አይሆንም። ይህ ጉዳይ ባሕር ማዶ ያሉትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እዚሁ ሲያትል ወይም ሬንተን እየኖሩ የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነ፣ ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ የከለላ ፈቃድ) ያሉ፣ ወይም የሥራ ፈቃድ ብቻ የያዙ ወገኖቻችንም ለምርጫ መዋጮ ገንዘብ መስጠት አይፈቀድላቸውም። ለኀዘንም ለሠርግም ሳንጠያየቅ እንደምናዋጣው እዚህም ፖስታ ሲዞር ሃያ ሃያ ዶላር ይጥላሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር ለእነሱ በኢሚግሬሽን ጉዳያቸው ላይ ሌላ ራስ ምታት ሊያመጣባቸው ይችላል። አስተባባሪዎቹ ለዚህ ሲሉ ብቻ እንኳ የፖስታውን ዘዴ መተው አለባቸው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ፖስታውን እንዳለ ይመልሱ፤ ከፊሉን አያስቀሩ፣ «ቀሪውን በኋላ» አይበሉ። ሰዎቹም ገንዘቡን ለየባለቤቱ ይመልሱ። መስጠት የሚፈቀድለትና የሚፈልግ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም፣ ከራሱ ሒሳብ፣ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን፣ መጠኑ ከፍ ሲልም ሥራውንና አሠሪውን ጠቅሶ በቀጥታ ለዕጩው ዘመቻ ይስጥ። ከዚያ የዘመቻው ገንዘብ ያዥ ከዘመቻው የባንክ ሒሳብ በቼክ ማስታወቂያውን ከእርስዎ ይገዛል። ገንዘቡ ያው፣ ማስታወቂያውም ያው ነው፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ሁሉም በስሙ መታየቱ ብቻ ነው። ኮሚቴ አቋቁመው በራሳቸው መንቀሳቀስ ከፈለጉ መብታቸው ነው፤ ነገር ግን ምዝገባው፣ ሪፖርቱና ከዕጩው ጋር ያለመመካከር ጥንቃቄው ለ3,000 ዶላር የሚያስኬድ ሆኖ አይታየኝም።

ይህን ሲነግሯቸው የሚገጥምዎን መልስ እገምታለሁ። አንዱ «አታምኚንም ወይ?» ይላል። መልሱ አጭር ነው፤ የማላምነው እናንተን ሳይሆን ያልተጻፈውን ነው፣ ነገ መዝገቡን ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው የእናንተን ቃል አይደለም ይበሏቸው። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ይህኛው በቁም ነገር መታየት ያለበት ነው። ከአገር ቤት የፖለቲካ ልምዳችን የተነሣ ስማችን በማንኛውም የፖለቲካ ዝርዝር ላይ እንዲወጣ የማንፈልግ ብዙዎች ነን፤ የፒዲሲ መዝገብ ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰውም በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ነው። ይህን ስጋት ማቃለል አልፈልግም፤ ሆኖም ስምን ደብቆ ገንዘብ መስጠት ለስጋቱ መፍትሔ አይሆንም። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ሰው ገንዘቡን ይያዝና ጉልበቱን ይስጥ። በር እያንኳኩ መቀስቀስ፣ ስልክ መደወል፣ አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ እናቶች የድምፅ መስጫውን ወረቀት ማስረዳት ያለ ክፍያ የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ሥራ በመሆኑ እንደ መዋጮ አይቆጠርም። መስጠት ያልተፈቀደላቸውም እስካልተከፈላቸው ድረስ በእንዲህ ያለው ሥራ መሳተፍ ይችላሉ።

በዚሁ አጋጣሚ እርስዎንም ላስጠነቅቅ። ለወገን ነው ብለው ከሌላው ደንበኛ የሚያስከፍሉትን ዋጋ በግማሽ ቢቀንሱለት፣ የቀነሱት ግማሽ የእርስዎ ድርጅት ለዕጩው የሰጠው መዋጮ ይሆናል፤ ሪፖርት ይደረጋል፣ ጣሪያውም ይመለከተዋል። ለዳቦ ቤቱና ለታክስ ሠራተኛው የሚያስከፍሉትን ዋጋ ለዕጩውም ያስከፍሉት። ልደግፈው ካሉም ከኪስዎ ቼክ ጽፈው በስምዎ ይስጡት።

ማስታወቂያው ራሱ ምን ሊኖረው እንደሚገባ ደግሞ እንይ። በሬዲዮ የሚተላለፈው የከፈለውን አካል ስም በግልጽ መናገር አለበት፤ የታተመው ግን ስሙንም አድራሻውንም መያዝ አለበት። ለምክር ቤቱ የሚደረገው ውድድር በፓርቲ የሚደረግ ስለሆነ ዕጩው የሚመርጠው ፓርቲም ይጠቀሳል። ባለቤትዎ ይህን የከፋዩን መግለጫ ከግርጌ በሚታይ ፊደል፣ ከሌላው ጽሑፍ ለይተው ያስቀምጡት። በአማርኛ ለሚወጣው ማስታወቂያ «ማስታወቂያው የተከፈለው በእገሌ የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢያደርጉት ይሻላል፤ የሚሰማው አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ ቅሬታ ሲመጣ የሚመረምረው ደግሞ እንግሊዝኛ አንባቢ ነው። በየግቢው የሚተከለው ከአራት በስምንት ጫማ ያልበለጠ ሰሌዳ የከፋይ ስም አይጠየቅበትም፤ የፓርቲው ምርጫ ግን እዚያም ላይ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕጩዎቻችን ዘንድ ደጋግሜ ስለማየው ነው። ከማስታወቂያው ላይ ከሚወጡት የዕጩው ፎቶዎች ቢያንስ አንዱ ባለፉት 5 ዓመታት የተነሣ መሆን አለበት፤ መጠኑም ከሌሎቹ የዕጩው ፎቶዎች ማነስ የለበትም። ከ12 ዓመት በፊት በዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ የተነሣችው፣ ፀጉር ሞልቶ በነበረበት ዘመን የነበረችው ፎቶ ብቻዋን ፖስተር ላይ ትውጣ ካሉ ባለቤትዎ ለማተም እምቢ ይበሉ።

ታትመው ለወጡት 500 ፍላየሮች ብዙ አይጨነቁ። የተረፉትን ይሰብስቡ፤ ስሙንና አድራሻውን የያዘ ስቲከር ይለጥፉባቸው ወይም እንደገና ያትሙ። ማን እንዳዘዛቸው፣ ስንት እንደተከፈለና እንዴት እንደተከፈለ ባለቤትዎ በመዝገባቸው ያስፍሩ፤ ለዕጩው ገንዘብ ያዥም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ እሱም በሪፖርቱ ያስገባዋል። ፒዲሲ ጥቃቅን ግድፈቶችን በማስጠንቀቂያና በማስተካከያ የሚዘጋበት አሠራር አለው፤ ቅሬታ ከመምጣቱ በፊት ያስተካከለ ሰው ደግሞ በተሻለ ዓይን ይታያል። ሠራተኞቹ በስልክም በኢሜይልም ጥያቄ ይመልሳሉ፤ የመለሱልዎን በጽሑፍ ይዘው ያስቀምጡ። ጉዳዩ ከዚህ ከከበደ ግን የእኔ መልስ የጠበቃን ቦታ አይተካም።

የቀረው የቃለ መጠይቁ ጥያቄ ነው። በመደበኛ ፕሮግራምዎ ላይ እንደ ጋዜጠኛ ዕጩውን ጠርተው ቢጠይቁት፣ ያለ ክፍያና ያለ ዘመቻው ትእዛዝ እስከሆነ ድረስ ዜና እንጂ መዋጮ አይደለም። የእርስዎ የራስዎ አስተያየትም ቢሆን በዚያው ወሰን ውስጥ ይገባል። ነገሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው፤ ማስታወቂያውን የገዛ ዕጩ ቃለ መጠይቁን እንደ ምርቃት ካገኘ፣ ወይም ጥያቄዎቹን የጻፈው አስተባባሪው ከሆነ፣ ያ ሰዓት ዜና ነው ማለት ይከብዳል። ማስታወቂያውና ቃለ መጠይቁ በተለያየ ቅዳሜ ቢወጡ ጥሩ ነው፤ የማስታወቂያው ሽያጭ ውይይት ላይም ስለ ቃለ መጠይቅ ምንም አይነሣ።

ሰዓቱን የሚገዙት ፈቃድ ካለው የሬዲዮ ጣቢያ ስለሆነ ደግሞ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ይነካዎታል። ዕጩ ከእውነተኛ የዜና ቃለ መጠይቅ ውጭ በጣቢያው ላይ ድምፁን ካሰማ፣ ተፎካካሪዎቹ በተመሳሳይ ሁኔታ እኩል ዕድል የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ጣቢያውም የፖለቲካ ማስታወቂያ ሽያጩን በራሱ የሕዝብ ፋይል ውስጥ የማስገባት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ማስታወቂያውን ከማስተላለፍዎ በፊት ለጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ይንገሩ፤ በሰዓት ሽያጭ ውልዎ ላይም ስለ ፖለቲካ ማስታወቂያ የተጻፈ አንቀጽ ይኖር እንደሆነ ይመልከቱ፤ አንዳንድ ጣቢያ ጨርሶ አይፈቅድም።

ተፎካካሪው ቢደውልልዎ እምቢ አይበሉት። በዚያው ርዝመት፣ በዚያው ዓይነት ጥያቄ፣ በአስተርጓሚም ቢሆን ይጥሩት። ማስታወቂያ ልግዛ ካለም በዚያው ዋጋ ይሽጡለትና የእሱንም መስመር በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉት።